ስልቻ ያቀፈው ሽማግሌ

ሲራክ የዊልሰንን ድልድይ ሲያጋምስ ዝናቡ ወደ በረዶ ተለወጠ። አሌክሳንድሪያን ሲለቅ መስተዋቱን የሚያጥበው ውኃ ነበር፤ አሁን ነጭ ነገር እየተንሳፈፈ መጥቶ መጥረጊያው ላይ ይለጠፋል። ከጎኑ ባለው ወንበር ላይ በፎጣ የተጠቀለለ፣ ስንዝር የሚያህል የእርሳስ ቧንቧ አለ። ፍሬን በያዘ ቁጥር ቧንቧው ወደ ፊት ይንከባለላል፤ እሱም በቀኝ እጁ ይመልሰዋል። አንድ ጊዜ ቀበቶ ሊያስርለት እጁን ዘረጋና ተወው።

ስልኩ ጠርቶ ጠርቶ የሮሆቦት ድምፅ መልእክት እንዲተው ነገረው። ለስድስተኛ ጊዜ ነው። ቀሲስ ኪራኮስ በበዓል ቀን ስልክ አይከፍቱም። ሌላ የማንም ቁጥር የለውም። ሁለት ዓመት ሙሉ ከሲልቨር ስፕሪንጉ ቤተ ክርስቲያን ሰው ጋር ቡና እንኳን ያልጠጣ ሰው ቁጥር ከየት ያመጣል?

ቀኑ እሑድ ነው፤ ጥር ዐሥራ አንድ ቀን ሁለት ሺህ ዐሥራ ሰባት ዓመተ ምሕረት፤ የጥምቀት ዕለት። በማግሥቱ ዋሽንግተን ላይ የፕሬዚዳንቱ በዓለ ሲመት ስላለ የከተማው መሀል መንገዶች ተዘጋግተዋል። ስለዚህ በቀለበት መንገዱ፣ በቤልትዌይ ዞሮ ነው ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚወጣው፤ ሌላውም ሰው ሁሉ እንደዚያ አስቧል። የኮሌጅ ፓርክ መውጫ ገና ሩቅ ነው፤ መኪናው ሁሉ እንደ ቀብር ሰልፍ ይንፏቀቃል።

ቧንቧውን የቆረጠው ራሱ ነበር። ሐሙስ ዕለት፣ በብረት መጋዝ።

አሌክሳንድሪያ ውስጥ፣ በሚስስ ኤልስወርዝ ቤት ጓሮ፣ ከግንቡ ሥር ባለ ድንጋይ ጉድጓድ ውስጥ አንድ የዕብነ በረድ ሽማግሌ ተኝቶ ይኖር ነበር። ራቁቱን ነው፤ ሆዱ የተነፋ፣ ጢሙ የተጠቀለለ፣ በግራ ክንዱ ስልቻ ታቅፎ የሰከረ ሰው እንቅልፍ የወሰደው። ውኃው የሚወርደው ከስልቻው አፍ ነው። ወይዘሮ የዓለምዘርፍ ሚስስ ኤልስወርዝን ዐሥራ አንድ ዓመት አስታመዋል። አሮጊቷ በነሐሴ ስትሞት ቤቱን ለእኅቷ ልጆች፣ ሽማግሌውን ግን ለእሳቸው አወረሰች። እሳቸው ደግሞ የሚኖሩት በአንድ ክፍል ነው፤ ለቤተ ክርስቲያን ሰጡት። ቤተ ክርስቲያኒቱ የገዛችው ቤት ጓሮ ውስጥ ምእመናኑ በበጋው ገንዳ ቆፍረው ነበር፤ ከዚያ በፊት ጥምቀትን የሚያከብሩት በአየር በሚነፋ የልጆች መዋኛ ነበር።

ሐሙስ ዕለት ቀሲስ ኪራኮስ ሲራክን ያስጠሩት መጀመሪያ አንድ ነገር ለመጠየቅ ነው።

«ጣዖት ነው ወይስ ጌጥ?»

ሲራክ ሽማግሌውን ሃያ ደቂቃ ያህል ዞረው። አፍንጫው ከቀረው ፊት ይልቅ ልስልስ ነው፤ ቀኝ እግሩ ላይ አዲስ የመሮ ምልክት አለ። በጎኑ ላይ አሮጌ ስንጥቅ፣ ስንጥቁንም የያዘ የዛገ የብረት መቆንጠጫ አየ። «የሮማውያኑን አይተው የቀረጹት ነው፤ መቶ ዓመት ቢሞላው ነው» አላቸው። ሮም ስምንት ዓመት ተምሮ የመጣ ሰው ነው፤ ማን ይከራከረዋል? በዚያው ዕለት እሱ ቧንቧውን ቆረጠ፤ ሽማግሌውም በጭነት መኪና ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ ተጋዘ። በሥራ ቀን በአሌክሳንድሪያ መካነ መቃብሮች ውስጥ የተሰበረ የመቃብር ድንጋይ ይጠግናል። የሲልቨር ስፕሪንግ ሰዎች የድንጋይ ሐኪም ይሉታል፤ ግማሹ በቀልድ፣ ግማሹ የሚሠራው ምን እንደሆነ ስላልገባው።

ዛሬ ጠዋት ሕዝቡ ሁሉ ነጭ ለብሶ ወደ ገንዳው ሲሄድ እሱ ወደ አሌክሳንድሪያ ወረደ። የቤቱ ቁልፍ ሰኞ ይመለሳል፤ የረሳውን ክሪክና ብርድ ልብስ ማምጣት ነበረበት። ምክንያቱ ይኸው ነበር፤ ቢያንስ ለራሱ የነገረው። ጉድጓዱ ፊት ቆሞ፣ ሽማግሌው የነበረበትን ባዶ ቦታ እያየ፣ እንቁላል በዳቦ በላ። ሊሄድ ሲል እግሩ ቅጠል ውስጥ ያለ ነገር መታ። ሐሙስ ዕለት ቆርጦ የወረወረው ቧንቧ ነው።

አነሣው። አፉ ክብ አልነበረም። የዛሬ ቧንቧ ክብ ነው። ይኼኛው የእርሳስ ገበታ ታጥፎ፣ ጫፍና ጫፉ ከላይ ተገናኝቶ የተበየደ ነው፤ ቅርጹ እንደ ዕንባ ነጠብጣብ ወደ ላይ ይሾላል፤ የጥንት ሮማውያን ሥራ ነው። በአውራ ጣቱ ጭቃውን ሲጠርግ ከፍ ብለው የታተሙ ፊደላት አገኘ። አራት ናቸው። አምስተኛው ግማሽ ነው፤ መጋዙ ያለፈው በስሙ መካከል ነበር። የቤቱ ጌታ ስም ይሁን ቧንቧውን የሠራው ሰው ስም፣ ከእንግዲህ ማንም አያውቅም።

ሲራክ በልጅነቱ ሲልቨር ስፕሪንግ አድጎ፣ ሮም የሄደው ይኽን ዓይነት ነገር ለማዳን ነበር።

መኪናዎቹ ትንሽ ተራመዱ። በረዶው ከበድ አለ። የሽማግሌውን ፊት እንዳያስብ ሌላ ነገር ማሰብ ፈለገ፤ ያው ወደዚያው ተመለሰ። የጥንቶቹ ሮማውያን ባለጸጎች ቤት ለመንገደኛ መስኮት የሌለው ግንብ ነው። ውስጡ ግን በዓምዶች የተከበበ አትክልት፣ በአትክልቱ መካከል ገንዳ፣ በገንዳው ዳር ውኃ የሚያፈስሱ ምስሎች አሉ፤ ዝይ የሚያንቅ ሕፃን፣ ዛጎል የያዘች ልጃገረድ፣ እንቁራሪት፣ ስልቻውን ተንተርሶ የተኛ ሰካራም። ጌታው ከእንግዶቹ ጋር ጋደም ብሎ እራት ሲበላ፣ ከግንቡ ጀርባ የቆመ ባሪያ የነሐሱን መክፈቻ ያዞራል። ሰካራሙ ውኃ ያፈስሳል። እንግዶቹ ይስቃሉ። የዚያ ባሪያ ስም በየትኛውም መጽሐፍ የለም። ሲራክ ግን ከተማሪነቱ ጀምሮ የሚታየው የዚያ ሰው እጅ ብቻ ነው። ሐውልት ባጠበ ቁጥር ከድንጋዩ ማዶ ያለ ይመስለዋል፤ እርጥብ፣ ቀዝቃዛ፣ ትእዛዝ የሚጠብቅ እጅ። ሮምን የለቀቀው በዚህ ምክንያት ነው ቢል ሰው ይስቅበታል። ስለዚህ የመኖሪያ ፈቃድ ችግር ነው ብሏል።

ከሁሉ የከፋው ሌላ ነው። ዓርብ ዕለት ፓምፑን ሲያገናኝ በስልቻው አፍ ቀጭን ሽቦ አስገብቶ ነበር፤ ሽቦው አንድ ክንድ ገብቶ ቆመ። ቆሻሻ መስሎት ተወው። አሁን ገባው። ያ የጥንት ጠራቢ ድንጋዩን በደጋን በሚሽከረከር መሰርሰሪያ ከላይም ከታችም ቦርቡሮ፣ መሀል ላይ ሳይገናኝለት ቀርቷል። ሁለቱን ቀዳዳ ለማገናኘት ሲል ሆዱን ጎርጉዶ ኪስ አበጀለት። ውኃው በዚያ ኪስ ይጠራቀማል፤ ፓምፑ ቢጠፋም፣ ገንዳው ቢደርቅም አይወጣም። ማታ ውኃው በረዶ ይሆናል። በረዶ ያብጣል። ስንጥቁ ደግሞ እዚያው ጎን ላይ ነው።

*

ሮሆቦት የሚያብረቀርቅ ቢጫ ሰደርያ ለብሳ የቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ መኪና ታሰልፋለች። በሥራ ቀን የካውንቲው አውቶቡስ ሾፌር ናት፤ በዓል ሲሆን ፓርኪንጉን ለሌላ ሰው አትሰጥም።

«ሲራኬ! ዛሬ ጥምቀት መሆኑን ማን ነገረህ፣ ጉግል?»

«ስልክሽን ለምን አታነሺም?»

«ሳይለንት ላይ ነዋ። ደግሞ ኦንዲዩቲ ነኝ። ምን ሆነሃል፣ ገርጥተሃል።»

«ቀሲስ የት ናቸው? ፓምፑ ጠፍቷል?»

«ቅዳሴ እንዳለቀ ነዋ ያጠፋነው። አያ ስልቾ እንዳይበርደው ብለን።» ሳቀች። «ትናንት በከተራ አልሰማኸውም እንጂ ያንኮራፋል፤ ሲሪየስሊ። ውኃው ሲሄድ አየር ይገባዋል መሰለኝ፣ ኽርርር ይላል። መዘምራኑ በሳቅ ሞቱ። ቀሲስ ራሳቸው ፊታቸውን አዞሩ።»

«ማታ ስንት ይወርዳል?»

ስልኳን አየች። «ኤይቲን። ነገ ማታ ደግሞ ቴን።»

ፋራናይት ነው። ሲራክ ወደ ለመደው አሰላው፤ ከዜሮ በታች ስምንት ገደማ። ቧንቧውን ብብቱ ውስጥ አድርጎ በቤቱ ጎን ወደ ጓሮ ሮጠ።

ከምድር ቤቱ የምሳ ሽታና ጫጫታ ይወጣል፤ ጓሮው ግን ባዶ ነው። ገንዳው እስከ ጉልበት ውኃ ይዟል። ዳር ዳሩ እንደ ወተት ስስ ነገር ለብሷል። ሽማግሌው በገንዳው ራስ ተኝቷል። ወገቡን በነጠላ ሸፍነውታል፤ ነጠላው ርሶ ሰውነቱ ላይ ተጣብቋል። በረዶው በዐይኑ ሽፋሽፍትና በጢሙ ላይ አርፏል። ሲራክ ብዙ የድንጋይ ፊት አይቷል፤ እንዲህ ያለ በእንቅልፉ ውስጥ የሚያዳምጥ ፊት ግን አላየም።

«የድንጋይ ሐኪም፣ በሽተኛ ልትጠይቅ መጣህ?»

ቀሲስ ኪራኮስ ከኋላው ቆመዋል። ካባቸውን አውልቀው በጥምጥማቸው ላይ የሱፍ ኮፍያ ደርበዋል። በሥራ ቀን የኤርፖርት ሚኒባስ ይነዳሉ፤ ድምፃቸው ግን የትም ቢሆኑ የመቅደስ ድምፅ ነው። ከጎናቸው ሻምበል ብሥራት አሉ፤ ድሮ መድፈኛ ነበሩ፤ አሁን በፎልስ ቸርች የአንድ ሕንፃ ጥበቃ ኃላፊ ናቸው።

«ቀሲስ፣ ውኃው ዛሬውኑ መውጣት አለበት።»

«የቱ ውኃ?»

«የገንዳውም፣ የሽማግሌውም።»

«ጠዋት ወንጌል የተነበበበትን ውኃ?» ቀሲስ ቀስ ብለው ነው የተናገሩት። «መስቀል የገባበትን? የት ነው የምለቀው ልጄ? ፍሳሹ እኮ የሚገባው ከሽንት ቤቱ ጋር ነው። በደጅ ቢፈስስ ሰው ይረግጠዋል። ፀሐይ ይጠጣው ብለን ነው የተውነው።»

«ፀሐይ እስኪመጣ ድንጋዩ ለሁለት ይከፈላል።»

«ድንጋይ ነው» አሉ ሻምበል። «ብርድ ያልቻለ ድንጋይ ምን ድንጋይ ነው?»

ሲራክ ፎጣውን ፈትቶ ቧንቧውን አሳያቸው። ሻምበል ተቀብለው በመዳፋቸው መዘኑት፤ እንደ መድፈኛ ልማዳቸው አፉን አሽትተው መለሱለት።

«ቀሲስ፣ ሐሙስ ዕለት የነገርኩዎት ልክ አልነበረም። ኮፒ አይደለም። አፍንጫውና እግሩ ብቻ ናቸው አዲስ፤ ተሰብረው የተተኩ። ሌላው የጥንቱ ነው።»

«ስንት ዓመቱ?»

«ሁለት ሺህ ገደማ። ትንሽ ቢያንስ፣ ትንሽ ቢበልጥ።»

ቀሲስ ወደ ሽማግሌው ዞሩ።

«ጌታ ዮርዳኖስ ሲገባ እሱ ተኝቶ ነበር ማለት ነው» አሉ።

ከዚያ ወደ ሲራክ ተመለሱ።

«ይመለክ ነበር?»

ሲራክ አይመለክም ብሎ ሊገላገል ይችል ነበር። «የወይን አምላካቸው አጃቢ ነው፤ ያሳደገው ነው ይላሉ። አምላኩን የሚያመልኩት ሌላ ቦታ ነው። ይኼን አትክልት ውስጥ ያስተኙታል፤ እራት ላይ እንግዳ እንዲስቅ። ወይን የጠበቀ ሰው ከስልቻው ውኃ ሲወርድ ያያል።»

«ነገ ቃና ዘገሊላ ነው» አሉ ቀሲስ። «እኛ ውኃው ወይን ሆነ ብለን እናከብራለን። እነሱ ወይኑን ውኃ አድርገውት ሳቁ።» እጃቸውን እፍ እፍ አሉበት። «አሁንስ እርግጠኛ ነህ? ሐሙስም እርግጠኛ ነበርህ።»

«ሐሙስ እርግጠኛ አልነበርኩም። እርግጠኛ መስዬ ነው የተናገርኩት።»

«ለምን?»

«እርስዎ መልስ ይጠብቁ ነበር። እኔም ቶሎ መሄድ ፈልጌ ነበር።»

ሻምበል ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ቀሲስ ግን አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለው ነበር። በዝግታ አንገታቸውን ነቀነቁ፤ ሰው ለረጅም ጊዜ የጠረጠረውን ሲሰማ እንደሚያደርገው።

«የዓለምዘርፍን ጥሩልኝ» አሉ።

*

ወይዘሮ የዓለምዘርፍ በሮሆቦት ክንድ ተደግፈው መጡ። ሰባ ሁለት ዓመታቸው ነው። ጠዋት ስለቆረቡ አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ይዘዋል፤ እስከ ማታ እንደዚያው ነው የሚውሉት። በሌላው እጃቸው ፌስታል አንጠልጥለዋል። ገና ማንም ምንም ሳይነግራቸው ሽማግሌውን አዩና «አጠጥታችሁ አስተኛችሁት» አሉ።

«ያውቁ ነበር፣ እማማ?» አለ ሲራክ።

«እንዴት አላውቅ? በየዓመቱ ቅጠል ሲረግፍ እኔ አይደለሁ የምስብለት።» ከፌስታሉ ክንድ የሚያህል የጎማ ቱቦ አወጡ፤ አሮጌ፣ ጫፉ በጥርስ የተበላ። «ሴትዮዋ ናት ያሳየችኝ። ‹ሆዱ ውስጥ ውኃ ይዞ እንዳይተኛ› ትለኝ ነበር። አባቷ አንድ ጊዜ ረስቶት ነው ጎኑ የተተረተረው። ሁለተኛ ከቀዘቀዘ አይተርፍም አለችኝ። ስትሞት እንኳን የልጆች ስም አልጠራችም፤ እሱን ነው።»

«ታዲያ ለምን አልተናገሩም?»

«ለማን ልናገር? በውስጡ ያለው እኮ ድሮ ዝም ብሎ ውኃ ነበር፤ ስቤ ሳሩ ላይ እተፋዋለሁ። ዛሬ ጠበል ነው። ጠበል ይተፋል? ከጠዋት ጀምሮ ቱቦዋን ይዤ እዞራለሁ። ልውጠው እንዳልል ቆርቤያለሁ፤ ይኼ ደግሞ ጎማ ነው፣ ያቅለሸልሻል። ቢያስመልሰኝስ? ቅዱስ ቁርባን ይዤ?»

ሲራክ ቱቦውን አየ። እኚህ ሴት ያ ሽማግሌ እንዲተርፍ ዐሥራ አንድ ክረምት አፋቸውን ሰጥተዋል፤ እሱ ሃያ ደቂቃ አይቶት ነው የሄደው።

«በቫኪዩሙ ብንስበውስ?» አለች ሮሆቦት። «የምንጣፉ አለ፤ ውኃም ይስባል።»

«ቆሻሻ የሚጠጣ ማሽን ጠበል ይጠጣ?» አሉ ሻምበል።

«አይ፣ ሰጀስት ነው ያደረግሁት እንጂ።»

«አንቺ አውቶቡስሽን ንጂ።»

ቀሲስ እጃቸውን አነሡ። «የገንዳው ቀላል ነው። ከመቅደሱ በስተ ምሥራቅ ያለው የኦክ ዛፍ ሥር አጥር አለው፤ ንዋያተ ቅድሳቱ የሚታጠቡበትን ውኃ እዚያ ነው የምናፈስሰው። ሰው አይረግጠውም። ሻምበል፣ ሕዝቡን አሰልፍልኝ። መጀመሪያ ለቤቱ የሚወስድ በየጠርሙሱ ይቅዳ። የተረፈውን በባልዲ ወደ ዛፉ።»

ሻምበል ብሥራት ትእዛዝ የሚቀበሉት ከሃያ ዓመት ወዲህ የመጀመሪያ ጊዜ ይመስል ቀጥ አሉ። ምድር ቤቱ ደጃፍ ላይ ሆነው ሁለት ጊዜ አጨበጨቡ። ሰዉ አፉን እየጠረገ ወጣ፤ በነጭ ልብሱ ላይ ወፍራም ጃኬት ደርቦ። ድስት፣ ማሰሮ፣ የወተት ጋሎን፣ የልጅ ባልዲ፣ የበረዶ ሣጥን፤ እጅ ላይ የገባ ሁሉ መጣ። በሁለት ረድፍ ቆሙ፤ ሙሉው በአንደኛው ረድፍ ይሄዳል፣ ባዶው በሌላው ይመለሳል። «አታፍስሱ! በቁጥር ሳይሆን በጥንቃቄ!» ይላሉ ሻምበል። አንድ ሰው ከረድፉ «ሻምበል፣ የት ግንባር ነው የምንልከው?» አለ፤ ሳቅ ተነሣ። ከዚያ ወደ ሥራው ተመለሱ። በረዶው ውስጥ የሚሰማው የውኃ መንቦጫረቅና የሰው ትንፋሽ ብቻ ነበር።

ገንዳው ሲጎድል ሽማግሌው ከውኃው ወጣ። የተተካው እግሩ፣ ጎኑ፣ በመጨረሻም የተኛበት ድንጋይ ታየ። ሲራክ በጉልበቱ ተንበርክኮ ስንጥቁን በጣቱ ተከተለው። የቆየ ነው። ጫፉ ላይ ግን፣ መቆንጠጫው ካለፈ በኋላ፣ ጥፍሩ የያዘበት ቀጭን መስመር አለ። ሐሙስም ነበረ? አላስታወሰም። አላየውምና ማስታወስ አልቻለም።

ቀኑ መጨለም ጀምሯል። ብርዱ በጫማው ውስጥ ገብቷል።

«እኔ እስበዋለሁ» አለ።

ቀሲስ አዩት። «በልተሃል?»

ብዙ ሰው ቆሞ እየሰማ ነው። አልበላሁም ቢል ማን ያውቃል? «በልቻለሁ። እንቁላል።»

ከረድፉ ውስጥ አንዲት ሴት ምላሷን መታች። ጠበል በባዶ ሆድ መሆኑን ሕፃን ያውቃል።

«ስንት ጊዜ ሆነህ ከቀመስህ?»

«ጠበል? ዐሥራ ስድስት ዓመት።»

«ታምንበታለህ?»

«አላውቅም፣ ቀሲስ።»

«ውስጡ እርሳስ የለም? ይኼ ቧንቧ የተቆረጠው ከእሱ አይደለም?» አሉ ሻምበል።

«ለአንድ ቀን አይገድልም።»

ቀሲስ ኪራኮስ ኮፍያቸውን አውልቀው በረዶውን አራገፉ፤ መልሰው አደረጉ። «ሕጉን እኔ አላወጣሁትም» አሉ። «ዛሬ የተላለፍነውን ግን እኔ እሸከመዋለሁ። ግባ። የምትስበውን ሁሉ ዋጥ፤ ጠብታ መሬት እንዳትነካ። ከዚያ በኋላም እስከ ነገ እንዳትተፋ፤ እንደ የዓለምዘርፍ አፍህን ይዘህ ዋል።»

ወይዘሮ የዓለምዘርፍ የነጠላቸውን ጫፍ ቀድደው ሰጡት። «በጎማው ዙሪያ ጠምጥመህ ስልቻው አፍ ውስጥ ወትፈው፤ አየር ካገኘ ይዋሻል። መጀመሪያ ምንም አይመጣም። ትንፋሽህን አሳጥረው። ሲንኮራፋ እንዳትደነግጥ፤ ውኃው ደረሰ ማለት ነው።»

ሲራክ ወደ ባዶው ገንዳ ወረደ። ከሽማግሌው ጎን መተኛት ነበረበት፤ ሌላ አቀማመጥ አይመችም። ጉንጩ ከዕብነ በረዱ ክንድ ጋር ተነካካ። ቱቦውን ወተፈ፣ ጨርቁን ጠመጠመ፣ ሳበ።

አየር ብቻ። የዋሻ አየር፣ የሳንቲም ጣዕም ያለው። እንደገና ሳበ። ከድንጋዩ ሆድ ውስጥ ረጅም፣ ሻካራ ድምፅ መጣ፤ ጥርሱ ውስጥ ተሰማው። ከላይ ሆነው የሚያዩት ሰዎች ትናንት የሳቁበት ድምፅ ነው፤ ዛሬ አንድም አልሳቀም። ከዚያ ውኃው ደረሰ።

ብርዱ ግንባሩን መታው። ዋጠ። እየተንጠባጠበ ሳይሆን ጉንጭ ጉንጭ ይመጣል፤ ከዚያ አየር፣ ከዚያ ደግሞ ውኃ። ቀሲስ በዝቅታ መዝሙረ ዳዊት ጀመሩ። ሲራክ ዐይኑን ጨፈነ። ሲስብ አንድ ነገር ይገፋለታል፤ ሲያርፍ ያርፋል። ከድንጋዩ ማዶ፣ ከግንቡ ጀርባ፣ አንድ ሰው መክፈቻውን ይዞ ቆሟል፤ የእሱን ትንፋሽ እየሰማ ነው የሚለቅቀው። ይኼ የአየር ግፊት ነው አለ ለራሱ፤ ስሙንም ያውቀዋል፣ በሁለት ቋንቋ። እጁ ግን ማዞሩን አልተወም። ተረጋግቶ፣ ሳይቸኩል፣ አንድ ጌታ እራት ጨርሶ እስኪነሣ ድረስ የለመደውን ያህል።

ጥርሱ ደነዘዘ። ሆዱ ከበደው። እንቁላሉ ሊመለስ ሲል ዐይኑን ገልጦ ሽማግሌውን አየ፤ ስንዝር በማትሞላ ርቀት፣ የተጨፈኑ ዐይኖች፣ በረዶ ያረፈበት ቅንድብ። ዋጠ። ደግሞ ሳበ። የአየሩ ጊዜ እየረዘመ፣ የውኃው እያጠረ ሄደ።

የመጨረሻው ጉንጭ ግማሹ አየር ነበር። ከእሱ ጋር አንድ ነገር መጣ፤ ከጤፍ የምትበልጥ፣ ከስንዴ የምታንስ። ምላሱ ላይ አረፈች።

ሲራክ ቱቦውን ለቀቀ። አፉን ዘግቶ ተነሣ። ቅንጣቷን በምላሱ አገላበጣት። በኪሱ ውስጥ ለዘመናት የተጋገረ የውኃ ኖራ ከሆነች ክብ ናት፤ ምንም ማለት አይደለም። ከዕብነ በረዱ የተፈለጠች ከሆነች ስለት ይኖራታል፤ ድንጋዩ ዛሬ፣ እሱ ቤልትዌይ ላይ ሲንፏቀቅ፣ ከውስጥ መከፈት ጀምሯል ማለት ነው። በአንድ ወገን ልስልስ ናት። በሌላው ወገን ምላሱ ስለደነዘዘ መለየት አቃተው። በጣቱ አውጥቶ ወደ ብርሃን ቢያያት በቅጽበት ያውቃል። ውኃው ግን አፉ ውስጥ ነው፤ ከአፍ የሚወጣ ነገር የለም።

ወይዘሮ የዓለምዘርፍ በገንዳው ዳር ጎንበስ ብለዋል። ነጠላቸውን ከአፋቸው አንሥተዋል።

«ዳነ?»

ረድፉ ቆሟል። ባልዲ የያዘው ባልዲውን፣ ድስት የያዘው ድስቱን ይዞ ያየዋል። የሽማግሌው ሆድ አሁን ባዶ ነው፤ በጣቱ አንጓ አንድ ጊዜ መታ ቢያደርገው ድምፁ ይነግረው ነበር። ደኅና ድንጋይ ይጮኻል፣ የተሰነጠቀ ይታፈናል፤ ሮም የመጀመሪያው ሳምንት ትምህርት ነው። ቀሲስ ኪራኮስ ይኽን አያውቁም። እጁን እንዳላነሣ ግን አይተዋል።

ሲራክ ውኃውንም ቅንጣቷንም ዋጠ።

«ድኗል፣ እማማ» አላቸው።